አንድ ካርቶን ነጭ ክር

ኅዳር 3

ነጭ ክር አለቀ። ማለቁ አይቀርማ፤ አውቄ ነው ጥቂት ያዘዝኩት። ስልክ ደወልኩ። “አሁንም አንድ ካርቶን ብቻ?” አለች የአከፋፋዩ ጸሐፊ። አንድ ብቻ።

ከሰዓት ሾፌሩ ይዞ መጣ። “ምነው የስፌት ማሽኖቹ ዝም አሉ?” አለኝ። “አንተን ሲጠብቁ” ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። “የት ልፈርም?” አልኩት። የምፈርምበት ጠፍቶኝ ነው? ቂል!

ኅዳር 6

አልመጣም። ምን ብሎ ይመጣል? ክር አለ፣ ቁልፍ አለ። ናፈቀኝ።

ኅዳር 9

ዚፕ አዘዝኩ። ሌላ ሾፌር ላኩ፤ ደግ ሽማግሌ። “ምነው ልጄ፣ ከፋሽ እንዴ?” አሉኝ። ዚፑ እኮ ምንም አልጎደለውም።

ኅዳር 12

አክስቴ ነቃችብኝ። ስፌት ቤቱ የእሷ ነው፣ ዕቃ ገዢዋ እኔ።

“አንቺ ልጅ፣ ክር እንደ መድኃኒት ጠዋት ማታ ነው እንዴ የሚታዘዘው? በማመላለሻ ክፍያ ብቻ ሙልጭ አደረግሽን እኮ!”

“ማስቀመጫ የለንም” አልኩ። ሄዳ መደርደሪያውን አሳየችኝ። ባዶ።

“በይ፣ የስድስት ወር ባንዴ እዘዢ። ዋጋም ይቀንሱልናል።”

ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ያናደደኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሳላየው?

ኅዳር 13

አዘዝኩ። ጸሐፊዋ ሳቀች፤ “ምን ተገኘ? ሠርግ አለ እንዴ?” ቢኖርማ... አልኩ በሆዴ።

ኅዳር 16

መጣ። መኪናው ጢም ብሏል። እያወረደ፣ “ይሄ ሁሉ ለምንድነው?” አለኝ።

“የስድስት ወር ነው። አክስቴ ናት ያለችው።”

ካርቶኑን እንደታቀፈ ቆመ። “ስድስት ወር?”

“አዎ።”

ወደ መኪናው ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ... ሲጨርስ ቆጠርኩ። አንድ ካርቶን ነጭ ክር ጎድሏል። ደግሜ ቆጠርኩ። የለም። ጎደሎ ዕቃ ይዞ መጥቶ ከእኔ ምላስ የተረፈ አቅራቢ የለም።

“አንድ ካርቶን ይጎድላል” አልኩት፤ ድምፄ ግን ቀጭን ሆነ።

መኪናውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። “ነገ አመጣዋለሁ።”

ሲነሳ በመስኮቱ አየሁት። ካርቶኑ ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኑ ተቀምጧል። አልጠራሁትም።

“ተሟላ?” አለች አክስቴ።

“ጎደሎ አለ። ነገ ይመጣል።”

“እነዚህ ሰዎች ደግሞ!” ብላ ቱግ አለች። እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ፤ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ነገ “የት ልፈርም” አልለውም።