የአፍንጫዬ ነገርና የፓውላ ስድስት ጠርሙስ

ጥር 17፣ 2013፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን
ከሱቅ ባሚያና ሥጋ ገዝቼ ገባሁ። ሽንኩርት ጥጄ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ዘበኛው ወልዳይ ከበሩ ጮኸ፦ «እናትነሽ! ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»
ሮጬ ስገባ ሽንኩርቱ ከስሏል። ጭሱን በዓይኔ አየሁት እንጂ አልሸተተኝም። በታኅሣሥ ያ በሽታ ሁለት ሳምንት ካስተኛኝ ወዲህ አፍንጫዬ ዝግ ነው። ምላሴም አብሮት ሄደ። ጨው የምጨምረው በእጄ ልማድ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። የማይቀምስ ወጥ ሠሪ ማን ያሠራል?
«ስልክ እያወራሁ ረስቼው ነው» አልኩት። ስልኬ እሱ አጠገብ ቻርጅ ላይ ነበር...

ጥር 20፣ ሐሙስ
ፓውላ ከካርቱም ተመለሰች። የቤቱ ሙዲራ፣ አለቃችን፣ እሷ ናት፤ ጣሊያናዊት አዋላጅ፣ ከእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኞች ጋር እዚሁ የምታድር። አባቷ በጓደኛዋ በኩል ስድስት ጠርሙስ ወይን ልኮላታል። ክርስቲያን ቤቱ ውስጥ ቢጠጣ አሁን አይከሰስም ይላሉ። እኔ ግን መጋረጃውን ዘጋሁ።
«በየሐሙሱ አንድ ጠርሙስ፣ ካንቺ ራት ጋር» አለች በተሰባበረ ዐረብኛዋ። «አንቺም ትቀምሻለሽ። ያልሽውን ለአባቴ እጽፍለታለሁ።» አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ወይን ሲጠምቅ የኖረ ሰው ነው። አሁን ታሞ ከቤት አይወጣም።
የመጀመሪያውን ከፈተች። «ባርቤራ ይባላል።»
«በርበሬ?»
«ባርቤራ!»
ጣሊያኖች በርበሬያቸውን በብርጭቆ ነው የሚጠጡት ብዬ ለወልዳይ ነገርኩት። አመነኝ።
ከቀይ ወጥ ጋር አቀረብነው። «ምን ይሸታል?» አለችኝ። ምንም። ውሃ። ምን ልበል? «ዝናብ የመታው የማሽላ አገዳ» አልኩ። ዘላ ጻፈችው! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 27
ነጭ ወይን ከተጠበሰ ዓሣ ጋር። «አዲስ የተጠረበ ዋንዛ» አልኩ። ዋንዛን አታውቀውም፤ ግን ጻፈች። ውሸት እንዲህ ይቀላል እንዴ?

የካቲት 2
ወልዳይ ያዘኝ። ምሳ ስንበላ ዞር ባልኩበት ወጤ ላይ ጨው ነስንሶበታል። ጠርጌ በላሁት።
«ጣፈጠሽ?»
«በጣም።»
«ሁለት ማንኪያ ጨው ነው የበላሽው።»
ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። ሁመራ አሥራ አምስት ዓመት ሆቴል ያስተናገደ ሰው ነው። በኅዳር ጦርነቱን ሸሽቶ ድንበር ተሻገረ፤ መንደር 8 የስደተኞች መጠለያ ገባ፣ ከዚያ እኛ ጋ። ምላሱ ግን አሁንም የሆቴል ምላስ ነው።
«እኔ እቀምስልሻለሁ» አለ። «ራት ስታቀርቢ ከወጡ ጥቂት ይዤ መስኮቱ ስር እሆናለሁ። አንዴ ካሳልኩ ጨው አንሷል፤ ሁለቴ ካሳልኩ በዝቷል።»
«ሦስቴ ካሳልክስ?»
«ያኔ የእውነት ታምሜያለሁ።»

የካቲት 4
ሁለቴ አሳለ። ወጡን መልሼ ውሃ ጨመርኩበት። ፓውላ ሰማችው። «ይህ ሰው ታሟል፣ ነገ ይመርመር» አለች። ምስኪን ወልዳይ...

የካቲት 5
አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ከተቱበት። ነፃ ነው ተባለ። ከሰዓቱን ሁሉ አላናገረኝም።

የካቲት 11
ዶሮ ወጥ። ፓውላ ባሮሎ የሚባለውን ጥቁር ቀይ አወጣች። ወልዳይ ኩሽና ውስጥ ቀምሶ «ይህ ከበርበሬ ጋር ይጣላል፣ ሌላ ትክፈት በያት» አለኝ። እኔ ደግሞ ኩራቴ! እሷ ስትጠይቀኝ «ይስማማሉ» አልኩ። አንዴ ጎረሰች፣ አንዴ ጠጣች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።
በዚያ ባበቃ። ዓይኗን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። አባቷ የጻፈላትን አነበበችልኝ፦ «ሴትዮዋ የምትነግርሽ ከብርጭቆው አይደለም። የዱሮ ሽታ ነው የምትነግርሽ። እኔም ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።»
«እውነት ነው?» አለችኝ።
ሳህኑን አስቀመጥኩ። «እውነት ነው።»
ተነስታ ክፍሏ ገባች።
አለቀልኝ።

የካቲት 12
ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ወልዳይም ልብሱን ሲያጥፍ አገኘሁት።
«አንተ ምን አጠፋህ?»
«አሳልኩ።»

የካቲት 14
ፓውላ ኩሽና መጣች። ፊቷ አልተፈታም። «የወይኑን ተይው» አለች። «ጋዝ ቢያፈስስ ኖሮ? አይሸትሽም። እዚህ ቤት ስድስት ሰው ነው የሚያድረው።»
አላሰብኩትም ነበር። ወላሂ አላሰብኩትም። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ይህኛው የእውነት ነበር።
ከነገ ጀምሮ ጋዙን ጠዋትና ማታ ወልዳይ ያያል። ወጡንም በግልጽ ይቀምሳል፣ ሐሙስ ሐሙስም አብሮን ማዕድ ይቀመጣል። ሻንጣዬን ፈታሁ። እሱም ፈታ።

የካቲት 18
ወልዳይ ሸሚዙን ተኩሶ ቀረበ። ብርጭቆውን እንደ ዳኛ አዟዟረው። ጠርሙሱን አጋምሶ ነው ያቆመው።
አባትየው በስልክ ቪዲዮ መጣ፤ ፓውላ ታስተረጉማለች። ቆብ ያደረገ፣ ከሲታ ሽማግሌ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።
«ያ ማሽላ ዝናብ የመታው ጠዋት ነው ማታ?» አለኝ።
«ማታ ነው አባባ። ሊታጨድ ሲል።»
ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በየጠዋቱ ሎሚና ቅርንፉድ እያሸተትኩ ሽታቸውን እንዳስታውስ መከረኝ። እሱ ሁለት ወር ሞክሮ ምንም አልመጣለትም። ግን አልተወም።

የካቲት 22
ሎሚ፦ ምንም። ቅርንፉድ፦ ምንም።

የካቲት 28፣ እሑድ፣ ቅበላ
ነገ ጾም ስለሚገባ ሐሙስ ሳንከፍተው የቀረውን የመጨረሻ ጣፋጭ ወይን ዛሬ እንጨርሰው ተባለ። ወልዳይ ከማለዳው ገበያ ሄዶ ለድስቱ የሚሆን ወጠጤ ፍየል በትከሻው ተሸክሞ መጣ። በረንዳው ላይ አስሮት ውሃ ልጠጣ ብሎ ኩሽና ገባ፣ በጎኔ አለፈ...
ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።
«ወልዳይ! ፍየል ትሸታለህ!»
ፊቱ ልውጥ አለ። «አሁን እታጠባለሁ፣ ምን ያስጮህሻል...» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ምን አልሽ?»
«ትሸታለህ!»
ፓውላ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች፤ አባቷ መስመር ላይ ነው። «ምን ይመስላል? ይላል። ንገሪው፣ ምን ይመስላል?»
«ፍየል» አልኩ። «ፍየል ብቻ። ሌላ ምንም አይመስልም።»
ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።
ወልዳይ አፍሮ ወደ ውሃው ሊወጣ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ትንሽ ይቆይ።