ከሰዓት በኋላ የሚታዘዝ፣ ጠዋት የሚሰረዝ መኪና

ለተከበሩ አቶ ኃይለመለኮት፣
የለገ አናኖ አምቡላንስ ግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ሰሞን የከተማችን ሙቀት ሰውን ከነልብሱ የሚቀቅል ቢሆንም፣ ኮሚቴዎ በሚሰየምበት ሳሎን ሁለት ቬንቲሌተር ሲሽከረከር በዓይኔ ስላየሁ በዚህ በኩል ስጋት የለኝም። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ኮሚቴው የወሰነው ነገር ሳይፈርስ ሲያድር ለማየት ሁላችንንም ረጅም ዕድሜ ሳያስፈልገን አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በገዛ እጅዎ የፈረሙት የመኪና ትዕዛዝ ለጊዜው እንዲቆይ ዛሬ ጠዋት ለአስመጪው ወኪል ለአቶ አብዲቃድር መልእክት መላክዎን ሰማሁ። በግል እንዳላነጋግርዎ፣ ጠዋት ሲደወልልዎ ስልክ አያነሡም፤ ከሰዓት በኋላ ሲደወልልዎ ደግሞ ለሁሉም ነገር እሺ ይላሉ፤ ሁለቱም ለሥራ አልተመቹኝም። ስለሆነም ደብዳቤውን ቀፊራ ገበያ መግቢያ ላይና መልካ ጀብዱ መናኸሪያ ለጥፌዋለሁ፤ ለእርስዎም አንድ ቅጂ በክብር ተልኮልዎታል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ሰርካዲስ እባላለሁ፤ በለገ አናኖ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለገ አናኖ ከመልካ ጀብዱ አልፎ፣ ከአንድ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ማዶ ያለች መንደር ናት። ወንዙ በደረቁ ጊዜ ባጃጅን እስከ ሆዱ የሚውጥ አሸዋ ነው፤ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ የሚሄድ ጎርፍ ይሆናል። የከተማው አምቡላንስ ዳር ድረስ ይመጣና እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ፍየሉን ሸጦ፣ የቀፊራ ነጋዴዎችም የአቅማቸውን ጨምረው፣ አሸዋ የማይዘው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ለመግዛት ተነሡ። እንደምንፈልገው ሆኖ ተሠርቶ የተቀመጠ መኪና አልተገኘም፤ ከፋብሪካው መታዘዝ አለበት፤ ከታዘዘም በኋላ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ በኩል እስኪደርሰን ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል። ገንዘቡ ተገኘ፣ የመኪናው ዓይነትም ታወቀ፤ የቀረው መቼ እንዘዝ የሚለው ብቻ ነበር። ለዚህች ለ«መቼ» እርስዎን ጨምሮ አምስት የተከበሩ ሰዎች ተመረጡ። አቦ፣ ባንመርጥ ይሻለን ነበር!

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በርጫ ላይ ነው። በዚህ አልነቅፋችሁም፤ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ የሆንኩ የድሬ ሰው ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው በተቀመጡ ሰዎች መካከል ስንት ጠብ እንደበረደ፣ ስንት ጋብቻም እንደተጀመረ አውቃለሁ። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ምርቃናው ሲጀምር ኮሚቴው መኪናውን በአንድ ድምፅ ያዝዛል። ትንሽ ቆይቶ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ መኪና ምን ይሆናል ይባልና ሁለተኛ ይጨመራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በወንዙ ላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ሆስፒታል ይቆማል፤ ሲመሽማ ለገ አናኖ አውሮፕላን ማረፊያ ይኖራታል። ሲነጋ ግን የጫቱ ሀራራ ይመጣል። ማታ አውሮፕላን ያሳረፈ ሰው ጠዋት የገዛ ጥላውን ይጠራጠራል፤ ነገሩ ይጠና፣ ይታይ፣ ይቆይ ይላል። የአስመጪው ቢሮ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የድሬ ቢሮዎች በማለዳ ሠርቶ ሙቀቱ ሲከር የሚዘጋ ነው። ስለዚህ ውሳኔ ባለበት ሰዓት ቢሮ የለም፤ ቢሮ ባለበት ሰዓት ውሳኔ የለም። ይህን አሠራር ሌሎች ከተሞች መጥተው እንዲማሩበት ብትጋብዙ ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፦ ጠዋት ጠዋት ስለምትሰጡን ምክንያቶች ነው። በመጀመሪያ የሚመጣው ዓመት ሞዴል የተሻለ ነው ተባለና ጠበቅን፤ የሚመጣው ዓመት ሲመጣ ለካ እሱም የሚመጣ ዓመት አለው። ከዚያ ዶላር ይወርዳል ተባለ፤ ዶላሩ ግን የኮሚቴውን ምክር አልሰማም። ነጭ ቀለም አቧራ ያሳብቃል፣ ቀይ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ይመስላል በሚል ክርክር አንድ የዝናብ ወቅት አለፈ። አንድ አባል መኪናው የኋላ ካሜራ ካልኖረው አንፈርምም አሉ፤ እኛ ከኋላችን ያለውን ጠንቅቀን እናውቃለን፣ ያስቸገረን ከፊታችን ያለው ወንዝ ነው። ሌላው አባል በኤሌክትሪክ የሚሄድ እናስመጣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ መብራት ባልገባበት መንደር ማታ ማታ በኩራዝ ቻርጅ እንድናደርገው ይሆናል። ድልድይ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜማ ኮሚቴው ለአንድ ወር ተበተነ፤ ድልድዩን ያየ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

እርስዎም በበኩልዎ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ደጋግመው አስተምረውናል። እውነት ነው፣ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንቁላሉን የሚታቀፍ ዶሮ ሲኖር ነው፤ እናንተ የታቀፋችሁት የበርጫ መከዳ ነው። የመንደሩ ሰው በእናንተ ቃል ተማምኖ መኪናው የሚቆምበት ዳስ ሠርቶ፣ በእሾህ አጥሮ፣ መሬቱን ደልድሎ ነበር። አሁን የተረፉት ፍየሎች ያድሩበታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ በሰማይ ያለች ላም ጋጣ ተሠርቶላት ያየሁት ግን ለገ አናኖ ነው።

ሦስተኛ፦ በዚህ ቁጥር ላይ ቀልድ የለኝም። ኢፍራህ የምትባል የመንደሩ ልጅ፣ ኮሚቴያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ፣ ሂናው ከእጇ ያልለቀቀ ሙሽራ ነበረች። እናንተ መቼ እንዘዝ ስትሉ እሷ አረገዘች፣ ወለደች፣ ቀበረች፣ አሁን ደግሞ ዳግም አርግዛለች። ያለፈው ምጧ የመጣው በዝናብ ቀን ነው። ሕፃኗ በማኅፀን ተጋድማ ስለነበር ነገሩ ከእኔ አቅም በላይ ሆነ፤ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። ወንዶቹ በቃሬዛ አንሥተዋት በዚያ ድንጋያማ መንገድ እየተፈራረቁ ተሸከሟት፤ እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጎርፉ ቀድሞናል። አምቡላንሱ ወዲያ ማዶ ቆሞ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ይታየን ነበር። ውኃው እስኪጎድል ጠበቅን፤ ሕፃኗ ግን አልጠበቀችም። በነጠላዬ ጠቅልዬ ለአባቷ ለሚክዳድ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ሚክዳድም ተቀብሎ አመሰገነኝ። ክቡር ሆይ፣ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ እናንተንም ትንሽ ቢያቃጥላችሁ ብዬ እመኛለሁ። ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባው ያዘዘውን መኪና በማግስቱ ባይሰርዘው ኖሮ፣ ያን ዕለት መኪናው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎርፉ ገና ተራራው ላይ ሳለ ኢፍራህ ተሻግራ ነበር። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን እርስዎም ያውቁታል።

አራተኛ፦ ይህን ጉዳይ ባለፈው ስብሰባ ላይ በማንሣቴ ቅር እንደተሰኙና ወደ ሌላ ጣቢያ እንድዛወር ሰው ማነጋገር እንደጀመሩ በሰው በሰው ሰምቻለሁ። ስለ እኔ ማሰብዎን አደንቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ጠዋትም መሥራትዎ ደግሞ አስገርሞኛል። ሆኖም አልፈራሁም፤ አልፈራምም። ከለገ አናኖ የባሰ መንገድ ያለው ጣቢያ ከተገኘ እዚያም የሚያምጡ ሴቶች አሉና በደስታ እሄዳለሁ። እዚያም ኮሚቴ ካለ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እስክሪብቶ የማይሸጥበት አገር የለም።

አሁን ወደ ትናንቱ ልመለስ። ውሳኔያችሁን እስከ ጠዋት ማቆየት ካልተቻለ፣ ቢሮውን ወደ በርጫው ማምጣት እንደሚቻል የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ለዚህ ራሴን እረግማለሁ። እኔና ሚክዳድ አቶ አብዲቃድርን ለምነን፣ ቢሮውን ከዘጋ በኋላ ከነማኅተሙ ሳሎንዎ ድረስ ይዘነው መጣን። አቀባበልዎን መቼም አልረሳውም። ምርቃናው ሞቅ ብሎ ነበርና ከመከዳው ተነሥተው ሚክዳድን አቀፉት፤ ስለ ልጁም እንባ አቀረሩ። እንባዎ የውሸት ነው አልልም፤ ከሰዓት በኋላ እርስዎን የሚያህል ደግ ሰው በድሬ የለም። እንዲያውም ሁለት መኪና ካልታዘዘ አልፈርምም ብለው አስቸግረውን፣ እባክዎ አንዱ ይበቃናል ብዬ እግርዎ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። የተጻፈውን በሙሉ ጮክ ብዬ አነበብኩልዎ፤ ከተፈረመ በኋላ ቢሰረዝ ቀብዱ እንደማይመለስ የምትናገረዋን መስመር ደግሜ አነበብኩ፤ እርስዎም ለእሷው ለይተው አጨበጨቡ። ከዚያም እርስዎ ፈረሙ፣ አራቱም አባላት ተሽቀዳድመው ፈረሙ፣ አቶ አብዲቃድርም እዚያው ተቀምጦ በስልኩ ላከው።

ስለዚህ የዛሬው መልእክትዎ ዘግይቷል። እርስዎ ከእንቅልፍዎ ሳይነሡ የፋብሪካው ማረጋገጫ ገብቷል፤ ፋብሪካው ባለበት አገር ከእኛ ቀድሞ ይነጋል፤ በርጫም የላቸውም። አይቆይም፣ ክቡር ሆይ። አይጠናም፣ አይታይም፣ ቀለሙም አይለወጥም። እንቢ ካሉና ይሰረዝልኝ ካሉም መብትዎ ነው፤ ቀብዱ የለገ አናኖ ሰዎች ፍየሎች ናቸውና ባለፍየሎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ይሆናል። እኔ ወንበር አቀርባለሁ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። መኪናው ለኢፍራህ አይደርስላትም። እሱ ገና መሠራቱ ነው፤ እሷ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በቅርቡ ደም ስለታያት ሐኪሙ እንዳትራመድ፣ ጋሪ ላይም እንዳትወጣ አዝዟል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ወንዙ ገና አሸዋ ሳለ፣ በዚያው በቃሬዛ አሻግረን ሳቢያን እኔ ቤት እናስተኛታለን፤ ከእኔ ቤት ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ቬንቲሌተሩም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእሷ አዙሬዋለሁ። ይህን ልጅ ለወንዝ አንሰጥም፤ ለስብሰባም አንሰጥም።

ለከሰዓት በኋላው ቸርነትዎ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የጠዋቱን ነገር ለፈጣሪ ትቼ፣ ቢያዛውሩኝም ባያዛውሩኝም ያው የማልለወጥ አክባሪዎ፣

ሲስተር ሰርካዲስ
ከለገ አናኖ፣ ለጊዜው

ማሳሰቢያ፦ ኢፍራህን የምናሻግራት የፊታችን እሑድ ማለዳ፣ አሸዋው ሳይግል ነው፤ ኮሚቴው ወንዙ ዳር እንዲገኝልን በአክብሮት ጋብዘናል። ሰዓቱ የሀራራ ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ የሚፈለገው ትከሻ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ቃሬዛው አራት እጀታ አለው፤ እናንተ አምስት ናችሁ። አምስተኛው ቃለ ጉባኤ ይያዝ።