ስለ ቢጫው በራችን፣ ለቤቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር

ብራክስተን፣ ሚያዝያ 1952 እ.ኤ.አ.

ለክቡር አቶ ሃሮልድ ፒከርስጊል
የከተማው ምክር ቤት የቤቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ ይልቁንም የዓይን ጤና እመኝልዎታለሁ፤ የዓይን ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኛ ቤት በደንብ ይታወቃልና።

ምስጋናም ይገባዎታል። በጦርነቱ ቦምብ የቀድሞው ሰፈራችን ከፈረሰ በኋላ በሆልምክሮፍት መስክ ላይ ሁለት መቶ ስምንት ቤቶች አሠርተው፣ ለእያንዳንዳችን የሙቅ ውሃ ቧንቧና ጓሮ ሰጥተውናል። የመንደሩ ሞዴል በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሲታይ ቆመው ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። በጂኦግራፊ ተመርቄ እዚህ ስገባ ግን፣ ዲግሪ ይዤም የራሴን ቤት ለማግኘት ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ መቁጠር ግድ ሆነብኝ፤ ጡቡ አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ። ሱቅ መሥራቱን ረስተው አረንጓዴውን ቀለም አለመርሳትዎ ይደነቃል።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ አባቴ ዊልፍሬድ ኦግደን ጣሊያን ግንባር ላይ በፈነዳ ፈንጂ ዓይኑ ስለተጎዳ የሚለየው ብርሃንና ደማቅ ቀለም ብቻ ነው። እዚህ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ከሚሠራበት የብሩሽ ፋብሪካ ሲመለስ ተሳስቶ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሃተርስሊ ቤት ገባ። ሴትዮዋ ጓሮ ልብስ አስጥታ ስትመለስ፣ ለባሏ ያቀረበችውን ቋሊማና የተፈጨ ድንች ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ «ኤድና፣ ዛሬስ እጅሽ ይባረክ! ምን ተአምር ነው?» ሲል ደረሰች። ኤድና እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሁለተኛ፤ ይህ የሚያስቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኅዳር ዝናብ፣ የሰው በር ማንኳኳት አፍሮ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ካገኘነው ወዲህ አባቴ ሥራውን ትቶ ከቤት መውጣት አቆመ። የብርዱን ወራት በሙሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ላጽናናው ስሞክር፣ «እስቲ ያን ዲግሪሽን በሩ ላይ ለጥፊልኝ፣ የኔ ልጅ፤ አንድ ነገር እንኳ ይሥራ» አለኝ።

ሦስተኛ፤ በመጋቢት እናቴ በራችንን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ቀባችው። በማግስቱ አባቴ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ተመለሰም፤ በራሱ እግር፣ ወደ ራሱ ቤት። ሥራውንም ጀመረ። በሳምንቱ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰን፦ ቢጫው «የመንደሩን ውበትና አንድነት ስለሚያደፈርስ» በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ወደ አረንጓዴ ካልተመለሰ ቤቱን እንድንለቅ። ሁለት መቶ ሰባት አረንጓዴ በሮች በአንድ ቢጫ በር የሚደፈርሱ ከሆነ፣ ከአባቴ ይልቅ ለኮሚቴዎ ማዘን ይገባል።

ጎረቤቶቻችን ግን ጉዳዩን ሰምተው፣ «እኛም ቢጫ እንቀባለን፤ ሁላችንንም ያባርሩና እናያለን!» ብለው ብሩሽ ሲያነሡ፣ እናቴ ሽርጧን እንደታጠቀች ሮጣ፣ «ኧረ በእግዜር ተዉ! ባሌን መልሳችሁ ልታጠፉብኝ ነው?» ስትል አስቆመቻቸው። ስለዚህ ሃተርስሊዎች ሰማያዊ፣ ከማዶ ያሉት ቀይ መርጠዋል፤ ቢጫው ለአባቴ ብቻ ተትቷል። እኔም ይህ መንደር ገና መልካም መንደር እንደሚሆን አምናለሁ፤ እርስዎን እያሰቡ ይህን ማመን ቀላል ሥራ ባይሆንም።

ቀነ ገደብዎ የሚያበቃው ቅዳሜ ቀትር ነው። አባቴም ከሥራ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። አረንጓዴ ቀባዮችዎን የሚልኩ ከሆነ እባክዎ እርስዎም አብረው ይምጡና፣ አንድ ሰው የገዛ ቤቱን ሲያጣ በደህናው ዓይንዎ ይመልከቱ።

ለአንድ ዓይነትነት ያለዎትን የማይናወጥ ፍቅር እያደነቅሁ፣ እርስዎ ከማይወዱት በር ኋላ የምኖር ታዛዥዎ፣

ሙሪየል ኦግደን
ሮዋን መንገድ፣ ቁጥር 57

ማሳሰቢያ፦ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ የታሸገውን ማስጠንቀቂያዎን ያመጣው ሠራተኛዎ ሁለቱም ዓይኖቹ ጤነኛ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በሃተርስሊዎች በር ሥር፣ በሁለተኛው ቀን በቁጥር 75 በር ሥር አስገብቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ለእኛ ሲያስረክብ ላቡን እየጠረገ፣ «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ነው። ሰው ‹ቢጫውን በር ፈልግ› ባይለኝ ኖሮ ዛሬም አላገኛችሁም ነበር» አለኝ።