ከውጭ ስለሚቀረቀሩት አሥራ ሁለት በሮች

ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል
የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ግንባታ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ስብሰባ ላይ ካሉም እዚያው

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ፊርማዎ ከማኅተምዎ ጋር ተስማምተው እንዲውሉልዎ ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ ምልኬሳ ወዳጆ እባላለሁ፤ ኢምፔሪያል አካባቢ በርና መስኮት የምሠራ በያጅ ነኝ። ቀድሞ ከቦሌ ለሚ ወዲያ ጤፍ አራሽ ነበርኩ፤ ማሳዬ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲበቅል እኔም ብየዳ ተማርኩ። ስለዚህ ስለ በር የምጽፍልዎ በሙያዬ እንጂ በድፍረት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ማደሪያው አመሰግናለሁ። ከገጠር ቀበሌዎቻችን ለሚመጡ ሴት ልጆች ይህን የመሰለ ግንብ፣ «ደህንነቱ የተጠበቀ ማደሪያ» ከሚል ትልቅ ሰሌዳ ጋር በአንድ በጋ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። የወንድሜ የሌንጮ ልጅ ኦብሴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አምና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የተከራየችው ክፍል መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ የአከራያቸው ወንድም ደግሞ ሳያንኳኳ መግባት ልማዱ ነበር። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛዋን ወደ በሩ ገፍታ ነው ያጠናችው። እናም ዘንድሮ ከጽሕፈት ቤትዎ «በጊዜያዊነት ይግቡ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ እልል አለ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አሥራ ሁለቱም በሮች መቀርቀሪያ አላቸው፤ የተገጠመላቸው ግን ከውጭ ነው። መሐንዲስዎ አቶ ፍስሃ በደግነት እንዳስረዱኝ፣ ተቋራጩ ቀድሞ ይሠራ የነበረው መጋዘን ስለሆነ የበሩን ንድፍ እንዳለ ከዚያ ወስዶታል፤ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ደግሞ በሩን ከውስጥ ልዝጋ ብሎ አያውቅም። እኔ በማብራሪያው እጅግ ረክቻለሁ። ኦብሴ ግን በሩን ወዲያና ወዲህ አየችና «አጎቴ፣ ይኼ እኮ የበግ ቤት ነው» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን የሚያጣራ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ነገሩን ከውስጥ ሆኖ ለማየት ክፍል ቁጥር ሦስት ገብቶ በሩን ዘጋ። ጥበቃው አቶ ኤርሳዶ «የተዘጋ በር ሁሉ ይቀርቀር» የሚለውን መመሪያዎን የሚያከብሩ ሰው ናቸውና፣ ቀርቅረው ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። የኮሚቴው አባላት ወደ ቢሮዎ ቢደውሉ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጡ። በሳምንቱ ያቀረቡት ሪፖርት በሩ እጅግ ጠንካራ መሆኑን ያረጋግጣል።

ሦስተኛ፣ መቀርቀሪያዎቹን ወደ ውስጥ ላዙራቸው፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ዋጋም አልጠይቅም ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። የደረሰኝ መልስ ርክክብ ሳይፈጸም አንድም ብረት መነካት እንደሌለበት፣ ርክክቡ ምረቃውን፣ ምረቃው ደግሞ የክብር እንግዳውን እንደሚጠብቅ ይገልጻል። የክብር እንግዳው ማን እንደሆኑ ገና አልተወሰነም።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ንዴት ነው። ወንድሜ ሌንጮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ በሩ ከውስጥ የማይዘጋ ከሆነ ልጄን ወደ ቤት እመልሳለሁ ብሏል። ከተመለሰች ደግሞ ሽማግሌ ለመላክ የሚጠባበቅ ቤተሰብ እንዳለ አገር ያውቃል። ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ፣ አንድ ብረት በበሩ በየትኛው ወገን እንደሚውል ስላልተወሰነ ብቻ ትምህርቷ ሊቀር ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከሥራ ብዛት አንዲት ደቂቃ ቢተርፍዎ እንዲያስቡበት እየለመንኩ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ኮሚቴውና ስለ ጠንካራው በር ደግሜ ደጋግሜ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎና የበሮችዎ ታዛዥ፣
ምልኬሳ ወዳጆ፣ በያጅ
ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለጋዜጣም ሰጥቼ ነበር፤ እስኪወጣ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ባለፈው ቅዳሜ ጄኔሬተር ተከራይቼ አሥራ ሁለቱንም አዞርኳቸው። በሮቹን ከፍቼ ስለሠራሁና መመሪያዎ የሚናገረው ስለ ተዘጋ በር ብቻ ስለሆነ፣ አቶ ኤርሳዶ የሚከለክሉበት አንቀጽ አጡ፤ እንዲያውም የጄኔሬተሩን ገመድ ያዙልኝ። እሑድ ሌንጮ መጥቶ ኦብሴ ከውስጥ ስትቀረቅር በሩን በትከሻው ሦስት ጊዜ ገፋው። አልተከፈተለትም። ያመጣላትን ቆሎ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለምረቃው ከክብር እንግዳዎ ጋር ሲመጡ እባክዎ ያንኳኩ። ልጆቹ ማን እንደሆናችሁ ጠይቀው፣ ከፈለጉ ይከፍቱላችኋል።