ከጽጌ ጋር ያለፈ ገና

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ አንቺን ደብተሬን ግን ምን እደብቅሻለሁ? የገናን ጾም ገድፌአለሁ። ለአሠሪዬ ለማዳም የዶሮ ሙላህ፣ የአገሯን ወጥ፣ ስሠራ ሁሌ ጨውን ቀምሼ እተፋለሁ። ረቡዕ ዕለት ዋጥኩት። ሁለተኛ ማንኪያም ጨመርኩ፤ እሱ እንኳን ለጨው አልነበረም። ልብስ ተኳሿ ጽጌ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሴቱ ሁሉ ሰምቷል። አንዷማ ዶሮው እንዴት ነበር አለችኝ።

ውሸት ቢሆን ኖሮ ጽጌን ይቅር እላት ነበር። ያወራችው እውነቱን ነው፤ በዚህ አልምራትም።

ሰኞ፣ 27

ጽጌ የማዳምን ቶብ፣ የምትከናነበውን ልብስ፣ በካውያ አቃጠለች። ማዳም ፓስፖርቷን ቆልፋ አስቀርታ አባረረቻት።

ደስ አለኝ። እየጾምኩ፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ 28

ሰፈራችን ካላክላ ከሻ ነው፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እያፈሰ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ጽጌ፣ ፌስታል አንጠልጥላ። ቦታ የለም አልኳት። ነበረ።

አብራኝ የምትኖረው የወሎዋ ዘይነባ ከኋላዬ መጣች። «አንቺዬ፣ ማርያምን ማደሪያ የነሷትን ሰዎች ዓመት በዓመት ስትረግሚያቸው አልነበር? በዓሉ ያንቺ ሆኖ እኔ እስላሟ ላስታውስሽ?»

እሷ «ያላ፣ ግቢ» ብላ ጎትታ አስገባቻት።

ፍራሼን ሰጠኋት። ትራሱን ግን አልሰጠሁም።

ረቡዕ፣ 29

ከቅዳሴ ስመለስ ጽጌ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያለ ወረቀት መውጣት ፈርታ በገና ቤተ ክርስቲያን ሳትስም ቀረች። እንቁላል ጠብሼ አቀረብኩ። እንባዋን ጠርጋ «አሁንስ ተፈቅዷል፣ ብዪ» አትለኝም? መጥበሻውን ልወረውርባት ነበር። ዘይነባ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ስጎርስ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ጌታ ሰው እስኪጸዳ ልጠብቅ ቢል እስካሁን አይወለድም ነበር። በር ተዘግቶበትም መጣ፤ ከብቶች መሃል፣ ከነሽታው። እንግዲያ ወደ እኔም ይመጣል ማለት ነው፣ ከነሁለት ማንኪያዬ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለለኝ። ወደ ጽጌም ይመጣል። እሱ ትንሽ ያናድደኛል።

ነገ ማዳምን የጽጌን ፓስፖርት ልጠይቅ ነው። እኔንም ልታባርረኝ ትችላለች። ጽጌ አብሬሽ ልሂድ ስትል አርፈሽ ተቀመጪ አልኳት። ፓስፖርቱን ይዤም ሆነ ሥራዬን አጥቼ ስመለስ፣ ደብተሬ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እጽፍልሻለሁ።