ዜብራ ለምነን የሜዳ አህያ ስለተከለከልን

ለተከበሩ የመንገድ ምልክቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ልደታ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የደም ግፊትዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ፍጥነት ዝቅ ያለ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የሌንሳ አባት እጅ እነሣለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ባያስታውሱም መዝገብ ቤትዎ አቧራውን አራግፎ እንደሚያስታውስዎ፣ እኛ ወላጆች በጥቅምት ወር ሃምሳ ሦስት ፊርማ አሰባስበን «ልጆቻችን የሚሻገሩበት ዜብራ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይደረግልን» ስንል አመልክተን ነበር። ለቋንቋ ንጽሕና የሚቆረቆሩት ጸሐፊዎ ግን ባዕድ ቃል ስለሚከነክናቸው፣ «ዜብራ» የምትለዋን ሰርዘው «የሜዳ አህያ» ሲሉ አቃኑልን። ነጭ መስመር የጠየቅንበት ማመልከቻም በዚያው ወደ እንስሳት ጉዳይ ክፍል ተመራ። ስለሆነም የሚከተለውን ምስጋና ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

፩ኛ/ መልስ ስለሰጡን። ሌላው መሥሪያ ቤት ዝም ይለን ነበር፤ የእርስዎ ግን ገና በአራት ወሩ የምናስገባውን የሜዳ አህያ ብዛት፣ የክትባት ማስረጃ፣ የመኖ ምንጭና የበረት ፕላን እንድናቀርብ ጠየቀን። እኛ ያለን ፕላን አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ከመንገዱ ማዶ በሕይወት እንዲደርሱ።

፪ኛ/ ባለሙያ ስለላኩልን። አቶ ሙለታ በረቱን ሊመረምሩ በመጡ ዕለት ፋይላቸውን ታቅፈው መንገዱን መሻገር እንደ ጀመሩ፣ ከሰንጋ ተራ በኩል ሲከንፍ የመጣ ሚኒባስ ሊያነጥፋቸው ሲል፣ በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ወርቄ በኮታቸው አንገትጌ ጎትታ አተረፈቻቸው። ወርቄን ካላወቋት፣ ጠዋትና ከሰዓት ቀይ ጃንጥላዋን እንደ ጋሻ ዘርግታ ሾፌሩን ሁሉ «ቁም አንተ! እናት ናት የወለደችህ ወይስ ጎማ?» እያለች ልጆቹን የምታሻግር ሴት ናት።

፫ኛ/ አቶ ሙለታ ነፍሳቸው ከተመለሰች በኋላ ስለጻፉት ሪፖርት። ቃል በቃል እነሆ፦ «ቦታው በተሽከርካሪ ብዛት ምክንያት ለእንስሳቱ ደኅንነት እጅግ አስጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ የሜዳ አህያ እንዳይገባ ተወስኗል።» ክቡርነትዎ፣ ይህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ፤ ገና ላልመጣ አህያ እንዲህ የሚሳሳ መሥሪያ ቤት አለን ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ ወርቄ «ያለ ፈቃድ ተሽከርካሪ በማስቆሟ» ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከበሩ እንድትነሣ ታዟል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለውን ተረት፣ ማኅተም ተመትቶበት ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛውን ቁጥር ለልጄ ለቅቄላታለሁ። ወርቄ አሟት በቀረችበት አንድ ማክሰኞ፣ የሚኒባስ ስፖኪዮ ሌንሳን መትቶ ክንዷን ሰበረው። አሁን ጄሶ ታስሮላታል። ነጩን ጄሶ በጥቁር እስክርቢቶ ዙሪያውን አስምራበት አየሁና ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ዜብራ ነዋ አባዬ፤ መኪና እንዲቆምልኝ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ በሠፈራችን እስከ ዛሬ የተሰመረው ዜብራ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በሦስት ሳምንት ይፈታል።

እንግዲህ ልመናችን አጭር ነው። ሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም ይላኩልን፤ ብሩሹም ጉልበቱም ከእኛ። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ወርቄ ከነጃንጥላዋ ባለችበት ትቆይልን። ይህ ከከበደዎት ግን ልጆቻችንን በእንስሳነት ይመዝግቡልን፤ ያን ጊዜ መንገዱ አስጊ መሆኑ ይታይዎታልና።

ግራና ቀኝ እየተገላመጥኩ፣ ደግሞም እየሮጥኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ሞቱማ ቱሉ
የጄሶዋ ዜብራ አባት

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው ሁሉ
አይተው ለሚያልፉም

ማሳሰቢያ፦ ወርቄ ትእዛዙን በደስታ ተቀብላለች። ከሰኞ ጀምሮ አቶ ሙለታን ሚኒባስ ፊት ቆመው ብታገኛቸው፣ አንገትጌያቸውን ከመያዟ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ከእርስዎ ትጠይቃለች። መልሱ በአራት ወሩ እንደሚደርስ ነግረናታል።