ወደ ኋላ ተመልሳለች አሉ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አዲስ ደብተር። የድሮው አለቀ። ዛሬ የተለየ ነገር የለም... ለመዘምራን የገና ልብስ አራት እጅጌ ገጠምኩ፣ የሲላስን ሱሪ አሳጠርኩ፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዎቼ መጡ።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ይተዋወቃቸው። ሲላስ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ኸይሩ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፣ ፊልሞቹን በፍላሽ የሚያመጣልን እሱ ነው። ዮሃና ነርስነት ትማራለች፣ በዕድሜ ከሁላችን ታንሳለች፣ በክርክር ግን ማንም አይችላትም። እኔ ካሰች፣ ልብስ ሰፊ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ። እዚህ አማን ከተማ፣ በዚህች አንድ ክፍል ሱቄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መልስ የሌለው ጥያቄ እንጠያየቃለን። ሁለት ዓመት ሆነን። ሰው ካርታ ይጫወታል፣ የኛ ጨዋታ ይሄ ነው። ምን ይጠበስ?

ዛሬ የተጣላነው በጊዜ መኪና ስለሚጓዝ ሰውዬ በሚያወራ የትርጉም ፊልም ነው። ተራኪው «ሰውዬው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ» ይላል። ኸይሩ ሰውዬው የሄደው ወደሚመጣው ዘመን ነው ብሎ ድርቅ አለ። «በኋላ እመጣለሁ ስልሽ መቼ ነው የምመጣው? ገና ነው አይደል? በፊት ስልሽስ? ያለፈ። እንግዲህ ኋላ ያለው ያልመጣው ነው።» ሲላስ ሳቀበት። ከዛ ሳቁን ተወው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ቋንቋችን ራሱ የትኛው ፊት፣ የትኛው ጀርባ እንደሆነ አልወሰነም እንዴ? ዮሃና እስኪመሽባት አልሄደችም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ልምምድ። አልቶ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ የምንዘምረው አምስት ነን፣ ሌሎቹ የሚከተሉት እኔን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሼ የሚያመኝ ጀርባዬ፣ እዚያ መድረክ ላይ ስቆም አያመኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጥያቄው የኔ ነበር! የኔ! ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ነው የሰነበትኩት።

አንድ ሰውዬ ከሚመጣው ዘመን ይመጣና ወረቀት ላይ የተቆረጠ የሱሪ ንድፍ ይሰጠኛል። እኔ በሱ ስሰፋ እኖራለሁ። ሳረጅ ያንኑ ወረቀት ለሰውዬው እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይዞት ይሄድና ለወጣቷ ለኔ ይሰጣታል። ታዲያ ወረቀቱን መጀመሪያ የቆረጠው ማነው? እኔ አልቆረጥኩም። እሱ መቀስ መያዝ አያውቅም።

ሲላስ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከቶ ቀረ። ኸይሩ «ፈጣሪ ነው» ብሎ ሊገላገል ሲል ዮሃና አልለቀቀችውም፤ ወረቀቱስ በዞረ ቁጥር አያረጅም ወይ አለች። ዲግሪ ያለው ሰው እኔ በጠየቅሁት ጥያቄ ዝም አለ። በአርባ ሦስት ዓመቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ደስ አለኝ... ደስ አለኝ ብቻ አይደለም፣ ኮራሁ።

ከዛ ሲላስ ሁላችንንም ጠየቀን። የጊዜ መኪናው አሁን በር ላይ ቢቆም የት ትሄዳላችሁ? ተራዬ ሲደርስ «እኔ ብችል ዛሬውኑ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ማንንም አላማክርም» አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ጌጫ፣ ያደግሁበት ከተማ፣ ደብተሬን ለአባቴ አስረክቤ በቃ ያልኩበት ቀን። እሱን ግን አልተናገርኩም፣ በልቤ ነው። ያውም ጮክ ብዬ። ቀና ስል ትዝታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከመዘምራን ሶፕራኖ የምትዘምረው። ልብሷን ልትለካ ነው የመጣችው። ግቢ ስላት ቸኩያለሁ ብላ ሄደች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ይትባረክ፣ የመዘምራን መሪያችን፣ ገና በር ላይ ያዘኝ። ለጊዜው ከመዝሙሩ ትንሽ እረፊ አለ። ምን ሆኜ? ሽማግሌዎች ያነጋግሩሻል አለ። ዓይኔን አላየኝም።

ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥኩ። ምን አጠፋሁ? እስከ ቤቴ ድረስ ስቆጥር መጣሁ። ምንም አላገኘሁም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጋሽ ሳህሉ ሱቅ ድረስ መጡ። ሽማግሌያችን ናቸው፣ ጌጫ እያለን፣ ለአቅመ ሔዋን ሳልደርስ ጀምሮ ያውቁኛል፣ ደግ ሰው ናቸው። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ቆዩና «ካሰች ልጄ፣ ወደ ኋላ ልመለስ ብለሻል አሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት እምነቱን ተወ ማለት ነው። እንዲህ የተባለ ሰው ሰላምታ እንኳ ይቀንስበታል። ማንንም አላማክርም ማለቴም ደርሷቸዋል። ትዝታ አንዲት ቃል አላጎደለችም!

ሳቅ አመለጠኝ። አጉል ቦታ ላይ ሳቅሁ። በጊዜ መኪና እኮ ነው አልኳቸው። በምን መኪና አሉና የስፌት መኪናዬን አዩት። አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ባሰ። እና መኪናው የት አለ? የለም። ታዲያ በሌለ ነገር ለምን ትጨቃጨቃላችሁ?

ለነገሩ አመኑኝ። እምነቴን እንዳልተውኩ ገባቸው። ግን ወሬው ተሰራጭቷል፣ መድረክ ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ይታያል አሉ። መዘምራኑ ፊት ተሳስቻለሁ ካልኩ፣ የቅዳሜውን ነገር ከተውኩ፣ ገና ላይ እንደ ድሮዬ እዘምራለሁ። «ትንሽ ነገር ነው» ብለው ተነሱ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ትንሽ ነገር ነው?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ለሰዎቼ ነገርኳቸው። ኸይሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ «ይኸው፣ ወደ ኋላ ማለት ጣጣ አለው ብያለሁ» አለ። ፊቴን ሲያይ ተወው። «የኔ መጋዘን ሰፊ ነው፣ እዚያ እንሰብሰብ፣ አንቺ እንደሌለሽበት ይሁን» አለ። ዮሃና «ትዝታ ጋ ሄጄ ልክ ላስገባት» ብላ ተነሳች፣ አስቀመጥኳት።

ያናደደኝ ሲላስ ነው። «በያቸውና ይለፍ። ቃል ነው እኮ» አለ። ቃል ነው? ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ስንነታረክ የከረምን ሰዎች! ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምትላቸው አልኩት። ጥያቄ ጠይቀው የተቆጣ ሰው ካለ ተሳስቻለሁ በሉ ነው የምትላቸው? ተነስቶ ወጣ። በኋላ ቆጨኝ። ግን ያልኩትን አልመልስም።

እውነቱን ልጻፈው፣ ማንም አያየው። ፈርቻለሁ። ልብሱን የሰፋሁት እኔ፣ ገና ላይ ሳልለብሰው? የራሴን መጨረሻ ልሰፋው ብዬ አስቀምጬው ነበር። ጨርቁ መደርደሪያ ላይ አለ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

በመስታወት ፊት ሦስቴ ሞከርኩት። ተሳስቻለሁ። ተሳስቻለሁ። ተሳስቻለሁ... አያስቸግርም፣ ይወጣል።

ግን ምኑን? ምኑን ነው የተሳሳትኩት? ወረቀቱን ማን ቆረጠው ማለቴን? ጌጫ ያኔ አንደኛ ነበርኩ፣ ከክፍል አንደኛ። በቃሽ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል እያለ ነው። አሁን ገና ምን ታስቢያለሽ የሚለኝ ሰው ሳገኝ ደግሞ እሺ ልበል?

አልልም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሲላስ ቀድሞ መጣ። በሩን እንኳ ሳልከፍት ቆሞ ነበር። «ልክ ነሽ» ብቻ አለኝ። ሻይ አመጣሁለት።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ተጠራሁ። ሽማግሌዎቹ አምስት፣ ይትባረክ፣ እኔ።

ብለሻል ወይስ አላልሽም ተባልኩ። ብያለሁ አልኩ። ምን ለማለት እንደሆነም ጋሽ ሳህሉ ያውቃሉ አልኩ። ጋሽ ሳህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልካዱኝም። እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂና ይለቅ አለ አንደኛው።

«ለበደልኩት ሰው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጠየቅሁ ግን ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩ።

ጋሽ ሳህሉ በቀስታ፣ እንደ አባት፣ «መልስ የሌለው ጥያቄ ምን ይጠቅምሻል ልጄ?» አሉኝ።

ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት። «ጋሼ፣ መልስ ያለውንማ የተማረው ይቀድመኛል። መልስ የሌለው ላይ ግን እኔም ከሱ እኩል ነኝ» አልኩ።

ውጪ አስቀመጡኝ። ሃያ ደቂቃ። ይትባረክ ወጥቶ ነገረኝ፤ ከመዘምራን ታግጃለሁ። ከሕዝቡ ጋር መቀመጥ አልተከለከልኩም። እስከ መቼ አልኩት። ቅዳሜን እስክትተዪ አለ። እንግዲያው አትጠብቁኝ አልኩት።

እስከ ድልድዩ ድረስ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ከዛ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ትዝታ መጣች፣ ዓይኗ አብጧል። ክፉ አስቤ አይደለም፣ ለነፍስሽ ፈርቼ ነው አለች። አመንኳት። አዝኜባታለሁም፣ ሁለቱንም ነገርኳት። ከዛ ልብሷን ለካሁላት። ወገቡ ሰፍቷት ነበር፣ አጠበብኩት። ከሁሉም ልብስ አስበልጬ ነው የሰፋሁላት፣ አውቄ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ወሬው ምን እንዳደረገ! ዛሬ አሥራ አንድ ሰው። ወንበር አነሰ፣ ኸይሩ ጎማ አምጥቶ አስቀመጣቸው። አንዱ የቡና ማድረቂያ ጥበቃ ነው፣ ገብቶ ግራ ቀኝ አየና መኪናው የታለ አለ። የለም ስንለው ሊሄድ ተነሳ። የወረቀቱን ጥያቄ ነገርኩት። ተመልሶ ተቀመጠ። እስኪመሽ ወረቀቱን የሰረቀው ሰው አለ እያለ ሲከራከር ዋለ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ልብሶቹን አስረከብኩ። ሃያ ሁለት። የኔ ሃያ ሦስተኛው አልተሰፋም።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ልሂድ አልሂድ ስል ነጋ። ቤት ብቀር ያሉት እውነት ይሆናል። ሄድኩ። ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለበስኩ፣ አረንጓዴውን። ቦታ የተገኘው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው፣ ከአንዲት የማላውቃት እናት ጎን።

መዘምራኑ ወጡ። ልብሱ አምሮባቸዋል። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሶፕራኖው ወጣ፣ ቴነሩ ገባ... አልቶው ጋ ሲደርስ ጎደለ። አራቱም እንደ ልማዳቸው የኔን ድምፅ ሲጠብቁ አንዳቸውም በጊዜው አልገቡም። ይትባረክ እጁን አንስቶ ቀረ።

አላሰብኩበትም። ተቀምጬ፣ ከነበርኩበት፣ ገባሁ። በሙሉ ድምፄ።

ሰው ዞረ። አግዳሚው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሳህሉም ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ፣ ረጅም አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም፣ ድምፄንም አልቀነስኩም። መድረክ ላይ ያሉት አራቱ ድምፄን ያዙና ገቡ። አጠገቤ ያለችው እናት እያንጎራጎረች ተከተለችኝ፣ ከድምፅ ውጪ ነች፣ ግን አላቆመችም። ጋሽ ሳህሉ ፊታቸውን ወደ መድረኩ መለሱ። ማንም መጥቶ ዝም በይ አላለኝም።

መዝሙሩ አለቀ። ይትባረክ ለሁለተኛው እጁን ሲያነሳ በሕዝቡ ላይ አሻግሮ እኔን አየ። ጀመሩ። እኔም ጀመርኩ።